ማኅበሩን ወይስ የማኅበሩን ጌታ?

በዚህ ጋዜጣ ስለ ምግብ አዳራሽ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓትና ስለ ፈተና ውጤት ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ዛሬ ግን ከነዚህ ጠለቅ ያለ፣ ነገር ግን ከማናቸውም ያልራቀ ጉዳይ ልናነሣ ወደናል። ይኸውም ክርስቲያኖች ነን የምንል ተማሪዎች ክርስቶስን ራሱን እንወደዋለን፣ ወይስ የምንወደው የለመድነውን ሥርዓትና በዙሪያችን የተሰበሰበውን ወዳጅ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጌታ ከሙታን ከተነሣ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ስምዖን ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ የጠየቀው ይህንኑ ነው (ዮሐ. 21)። ስንት ቀን እንደ ጾመ አልጠየቀውም፤ የካደበትንም ሌሊት አንሥቶ አልወቀሰውም፤ ይወደው እንደ ሆነ፣ ያውም ከነዚያ አብልጦ ይወደው እንደ ሆነ ጠየቀው። «እነዚያ» የተባሉት ጓደኞቹ ናቸው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ ጀልባውና መረቡ ናቸው የሚሉም አሉ። በየትኛውም ቢተረጐም ነገሩ ለእኛ ይስማማል። ጓደኞቹ ማለት ማኅበሩ ነው፤ መረቡም ማለት እጅ የለመደው የዕለት ተግባር ነው። ጴጥሮስ ፍቅሩን ከተናገረ በኋላ በጎቹን እንዲጠብቅ ታዘዘ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል፤ ፍቅሩ ይቀድማል፣ አገልግሎቱ ይከተላል።

ይህን ስንል ግን ሥርዓት አያስፈልግም፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። «እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ ስላለ ልብ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል» የሚሉ ጓደኞች በየመኝታ ቤቱ አሉ። እነዚህን የምንጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ጌታ ራሱ በሰንበት ወደ ምኵራብ መግባት ልማዱ እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 4 ጽፏል፤ በዐሥራ ሁለት ዓመቱም በቤተ መቅደስ ተገኝቷል። እርሱ ያልናቀውን እኛ በምን ሥልጣን እንንቃለን? ውኃ ያለ እንስራ አይቀመጥም፤ ፍቅርም ያለ ሥርዓት ፈስሶ ይቀራል። ጾሙ፣ ቅዳሴው፣ ሰዓታቱ፣ ማሕሌቱ፣ በየወሩ የሚዞረው ጽዋ አባቶቻችን ይህን ፍቅር ቋጥረው ያቆዩበት ዕቃ ነው። ነገር ግን እንስራውን አጥቦና አስጊጦ እያስቀመጡ ውኃ ሳይቀዱ መዋል የጥምን ነገር አይፈታም። የዛሬው ክርክራችን ከእንስራው ጋር ሳይሆን ከባዶነቱ ጋር ነው።

እንግዲህ ሥርዓትና ማኅበር የጌታን ቦታ መውሰዳቸው በምን ይታወቃል? ሦስት ምልክቶች ይታዩናል።

አንደኛው ምልክት ጾም የምግብ ዝርዝር ሆኖ ሲቀር ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የታወቁ አጽዋማት አሉ፤ ከነዚህም ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩበት ከዓመቱ ብዙው ክፍል የጾም ጊዜ ነው። ይህን ያህል ቀን የሚጾም ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም፤ ሊያኰራንም ይችላል። ይሁን እንጂ የጾም ወራት በገባ ቁጥር የምንሰማው ጭውውት ምንድን ነው? በዚህ ቤት የጾም ኬክ አለ፣ በዚያኛው የጾም ፒዛ ተጀምሯል፣ በምግብ አዳራሹ የጾሙ ሰልፍ ከፍስኩ ሰልፍ ረዘመ፣ ሽሮው ቀጠነ የሚል ነው። ሥጋና ወተት ተከለከለ እንጂ ምኞቱ አልተከለከለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የነቀፈው በጾም ቀን ፈቃዱን የሚፈጽመውንና የሚጣላውን ሕዝብ ነበር፤ የተመረጠውም ጾም የታሰረን መፍታት፣ ለተራበ ማካፈል፣ የታረዘን ማልበስ እንደ ሆነ አስተምሯል።

በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና በግእዝም ተተርጉሞ የቆየው የሄርማስ «እረኛ» የሚባለው መጽሐፍ በጾም ነገር ላይ በጣም ቀላል የሆነ ሥራ ያዝዛል። የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስቦ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለባልቴት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ነው። በዚህ ሒሳብ የጾም መለኪያው የተከለከለው ምግብ ዓይነት ብቻ መሆኑ ይቀርና ከእኛ ቀርቶ ለሌላው የደረሰው ይሆናል። ጾሙ የሚለወጥ ነገር የለውም፤ ቀኑም ሰዓቱም ያው ነው፤ ግን ከጾመኛው ሌላ አንድ ሰው በልቶ ያድራል።

ሁለተኛው ምልክት ማኅበሩ ራሱን ሲወድ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሚመጣ ተማሪ እናት አባቱን ትቶ፣ አንዳንዱም አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅቆ ይመጣል። ግቢ ጉባኤው እጁን ይዞ ሲቀበለው፣ ታላላቆቹ «ወንድማችን» ሲሉት፣ አብሮ ሲዘመርና ጸበል ጸዲቅ ሲቀመስ ልቡ ይረጋል። ይህ መልካም ነው፤ ብዙ ልጆችን ከመጠጥና ከተስፋ መቍረጥ ያዳነ ነው። ፕሮቴስታንት ጓደኞቻችንም በየፌሎሺፓቸው የሚያገኙት ዕረፍት ይህንኑ ይመስላል። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ልጁ የሚመላለሰው ስለ ክርስቶስ ይሁን ስለ ጓደኞቹ ራሱም ለይቶ የማያውቅበት ወቅት ይመጣል። ያን ጊዜ ጉባኤው እርስ በርሱ ብቻ የሚተዋወቅ ይሆናል። መዝሙር የሚመራው ማን ነው፣ ሰብሳቢው ለምን እከሌ ሆነ፣ የምረቃው ጉባኤ ልብስ ምን ቀለም ይሁን የሚለው ክርክር ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ድረስ ያቆያል። ሦስት ሳምንት የቀረው ልጅ ግን ታሞ ይሁን፣ ትምህርት ከብዶት ይሁን፣ ገንዘብ አልቆበት ይሁን የሚጠይቀው አይገኝም። ከመጣ የእኛ ነው፤ ካልመጣ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ጌታ ግን ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን የሚፈልግ እረኛ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ጧት የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሞ ከሰዓት በኋላ በፈተና አዳራሽ የሚኮርጅ ተማሪ በየዓመቱ ይታያል። የማኅበሩ ጓደኛ ለማኅበሩ ጓደኛ መልስ ማቀበሉን «መረዳዳት» ብሎ የሚጠራም አለ። ይህ መረዳዳት አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያደረውን ሦስተኛ ልጅ መስረቅ ነው። ማኅበርተኛውን ከእውነት አብልጦ የወደደ ሰው፣ እውነት ነኝ ካለው ጌታ ማኅበሩን አብልጧል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ምልክት ወገንተኝነት የመስቀሉን ምልክት ለብሶ ሲመጣ ነው። ስለዚህ የሩቁንም የቅርቡንም ማስታወስ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲታረድ የአገሪቱ ነዋሪ አብዛኛው የተጠመቀ ክርስቲያን ነበር። ሰዎች ይጠብቀናል ብለው የተሸሸጉባቸው አብያተ ክርስቲያናት የመገደያ ቦታ ሆኑ። ኒያንጌ በምትባለው ደብር ከሺህ በላይ ሰዎች በውስጡ እንዳሉ ሕንጻው በቡልዶዘር ተደረመሰባቸው፤ የደብሩም ቄስ በዚህ ወንጀል በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። እሑድ እሑድ ሥርዓቱ በዚያ ሁሉ ደብር ይፈጸም ነበር፤ ማኅበሩም ነበር፤ ግን የጐሣ ፍቅር ከክርስቶስ ፍቅር በልጦ ስለ ተገኘ ሥርዓቱ እጅ ሊይዝ አልቻለም።

የሩቁን ትተን ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል በዘር የተነሣው ጠብ ሕይወት እስከ ማጥፋት ደርሷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤተ ሰባቸው ተመልሰዋል። ታዲያ አብረው ያስቀደሱ፣ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ስጡ ሲል ግራና ቀኝ እጅ የተነሣሡ ልጆች፣ ማታ በየሕንጻው በቋንቋ ሲከፋፈሉ ያ ሰላምታ ወዴት ሄደ? ይህን የምንጠይቀው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን መልሱ የሁላችንም ሕይወት የተንጠለጠለበት ስለ ሆነ ነው።

በአባቶቻችንም መካከል የሆነውን እናውቃለን። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን «የአገር ቤት» እና «የስደት» በሚባሉ ሁለት ሲኖዶሶች ተከፍላ ኖራለች። በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው ምእመን አንዱ ካንዱ፣ ገለልተኛ ነኝ የሚለውም ከሁለቱ ተለያይቶ ቆይቷል። የሃይማኖት ልዩነት አልነበረም፤ ጸሎተ ሃይማኖቱ አንድ፣ ዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንድ፣ ጾሙም በዓሉም አንድ ነበረ። ሁሉም ሥርዓቱን አሟልቶ ይፈጽም ነበር፤ ሆኖም በአንድ ከተማ የሚኖሩ ወንድማማቾች በተለያየ ደጅ ይገቡ ነበር። አንድ ትውልድ ሙሉ በዚህ መለያየት ውስጥ ተወልዶ አድጓል። ከዚህ የምንማረው ሥርዓት አንድ መሆኑ ብቻ ልብን አንድ እንደማያደርግ ነው። ዕርቁ በዋሽንግተን ሲፈጸም ምእመናን ያነቡት እንባ ግን ፍቅር ገና እንዳልሞተ አሳይቷል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላልና።

ክርስቶስን አስቀድመው ሥርዓቱን በቦታው ያኖሩ አባቶች እነማን ናቸው የሚለን ቢኖር ምስክር አናጣም። በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለን ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፣ ክርስቶስ በድሀው አካል ተርቦ ሳለ ገበታውን በወርቅ ጽዋ መሙላት እንደማይጠቅም፣ መጀመሪያ የተራበው ጠግቦ በተረፈው ገበታውን ማስጌጥ እንደሚገባ አስተምሯል። ልብ በሉ፤ ጽዋውን አልነቀፈም፤ ቅደም ተከተሉን አስተካከለ እንጂ። ይኸው ሰው በቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሳለ እውነት በመናገሩ ከቤተ መንግሥቱ ተጣልቶ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ407ም በግዞት መንገድ ላይ ሞተ። መንበሩን ከወደደ ዝም ባለ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስም እንደዚሁ በቂሣርያ ረሃብ በገባ ጊዜ ባለ ጠጎች ጐተራቸውን እንዲከፍቱ ሰብኮ፣ ራሱ አሸርጦ ድሆችን መግቧል። የእርሱም ቅዳሴ በእኛ ዘንድ ይቀደሳል። እንግዲህ ቅዳሴያቸውን ወርሰን ምግባራቸውን ትተን እንደ ሆነ የወረስነው ግማሹን ነው።

ከራሳችን አገር አቡነ ጴጥሮስን ማንሣት ይበቃል። ፋሺስቶች አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ አርበኞችን አውግዘው ለወራሪው ቢያድሩ ማዕረጋቸው ሳይነካ፣ ቅዳሴያቸው ሳይታጐል መኖር ይችሉ ነበር። ከሥርዓቱ አንዲት ቃል አትጐድልባቸውም ነበር። እርሳቸው ግን እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ሥርዓትን ብቻ የሚወድ ሰው ሥርዓቱ እስካልተነካ ድረስ ከማንም ጋር ይስማማል፤ ጌታን የሚወድ ሰው ግን የማይስማማበት ጊዜ ይመጣል።

አንዳንድ አንባቢዎች፣ ከመምህራኖቻችንም ወገን፣ «የተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ የሃይማኖት መድረክ አይደለም፤ ይህ የየግል ጉዳይ ነው» ይሉ ይሆናል። እኛም ጋዜጣው የክርስቲያኑም የሙስሊሙም የማያምነውም መሆኑን አንዘነጋም፤ ማንንም ወደ እኛ እምነት ለመሳብ አልጻፍንም። የምንናገረው በዚህ ስም ለተጠራን ለራሳችን ነው። ነገር ግን የክርስቲያኑ ተማሪ ፍቅር እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ ጎረቤቱን ይነካዋል። በረመዳን ሌሊት ለስሑር የሚነሣ የመኝታ ቤት ጓደኛው በሰላም በልቶ መጾሙ፣ ቋንቋው የተለየው ልጅ በኮሪደሩ ሳይፈራ ማለፉ፣ የታመመው ውኃ የሚያቀብለው ማግኘቱ የግል ጉዳይ አይደለም። ሌሎች ደግሞ «እናንተ ተማሪዎች ማን ናችሁና ስለዚህ ትናገራላችሁ? ለአባቶች ተዉት» ይላሉ። አባቶችን ማክበር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጌታን የመውደድ ትእዛዝ ለጳጳስና ለቄስ ብቻ አልተሰጠም፤ በፍርድም ቀን የተራበውን አብልተህ ነበር ወይ ተብሎ የሚጠየቀው እያንዳንዱ ነው (ማቴ. 25)።

ወቀሳ ብቻውን ቤት አይሠራምና ሊደረግ ይቻላል የምንለውን እናቀርባለን።

1ኛ/ በጾም ወራት የሚተርፈው ገንዘብ ይሰብሰብ። አንድ ተማሪ በዐቢይ ጾም ከሻይና ከመክሰስ በቀን 10 ብር ብቻ ቢያተርፍ በ55 ቀን 550 ብር ይሆናል፤ መቶ ተማሪዎች ቢስማሙ 55,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከቤቱ ምንም ለማይላክለት ተማሪ ለደብተር፣ ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ ይደርሳል። ሲሰጥም ሃይማኖቱና ብሔሩ አይጠየቅ፤ የሰጪውም ስም አይጻፍ።

2ኛ/ እያንዳንዱ ጉባኤ መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ዛሬ ማን ቀረ ብሎ ይጠይቅ፤ ሁለት ሰዎችም በዚያው ማታ ወደ ቀረው ልጅ መኝታ ቤት ይሂዱ። ይህ ኮሚቴም በጀትም አያስፈልገውም።

3ኛ/ ወንጌል ይነበብ። አራቱ ወንጌላት በድምሩ 89 ምዕራፎች ናቸው። በቀን አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ተማሪ በሦስት ወር ውስጥ፣ የትምህርቱ መንፈቅ ሳይዘጋ ይጨርሳቸዋል። ስለ በዓላት ቀንና ስለ ጾም ሕግ አጥርቶ የሚናገር፣ ነገር ግን አንዱን ወንጌል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያላነበበ ክርስቲያን ተማሪ ብዙ ነው። ያላወቁትን እንዴት ይወዱታል?

4ኛ/ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅ የጌታ ትእዛዝ ነው (ማቴ. 5)። ስለዚህ በየትልልቁ በዓል ዋዜማ የተጣሉ ተማሪዎች፣ በተለይም በቋንቋና በአካባቢ የተቀያየሙ፣ ተፈላልገው ይታረቁ። የጉባኤው ታላላቆች ስለ ድንኳኑና ስለ ድምፅ ማጉያው የሚደክሙትን ያህል በዚህ ይድከሙ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። ከእኛ ብዙዎቹ ተመርቀው ወደ ሩቅ አገር ይበተናሉ። አንዱ ግቢ ጉባኤ ወደሌለበት ቀበሌ ይመደባል፤ ሌላው ባሕር ይሻገራል። በዛሬዋ ዕለት እንኳ በሳዑዲ ዓረብያ በሰው ቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። በዚያ አገር ክርስቲያኖች በአደባባይ እንዲያመልኩ አይፈቀድም፤ ደውል የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ ጽዋ የለም፣ ነጠላ አጣፍቶ መሄድ የለም። የቤቱ ሥራ ካለቀ በኋላ በማድ ቤት ጥግ ቆማ በልቧ የምትጸልይ ሴት ከሥርዓቱ ሁሉ የቀራት ያ ሥርዓት የተሠራለት ጌታ ብቻ ነው። እርሱ ግን በቂዋ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ማኅበርህ፣ መዝሙርህ፣ ጓደኞችህና የለመድከው ደብር ነገ ቢቀሩብህ ምን ይቀርሃል? መልሱን ዛሬ ማታ፣ ጉባኤው ሳይጀመር ብታስብበት መልካም ነው። ማኅበሩን የምንወደው በእርሱ ምክንያት ከሆነ ማኅበሩም ይጸናል፤ እርሱን የምንወደው በማኅበሩ ምክንያት ከሆነ ግን ማኅበሩ በተበተነ ዕለት ሁለቱንም እናጣለን።